ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የቦታዎች ስም

ሰው በዚህ ዓለም የሚሠራው ሥራ ሁሉ ከዘመን ጋራ ያረጃል። ግንቡ ይፈርሳል፥ አጥሩ ይበሰብሳል፥ በእጁ የተከለው ዛፍ ይደርቃል። ስም ግን የሚጠራው አፍና የሚጽፈው እጅ እስካልጠፋ ድረስ ከድንጋይ ሐውልት ይልቅ ጸንቶ ይኖራል። ስለዚህም አባቶቻችን ታላቅ ነገር በተደረገበት ስፍራ ሁሉ ስም ይሰይሙ ነበር፤ ይኸውም ልጆቻቸው ስሙን በጠሩ ቍጥር የተደረገውን ነገር እንዲያስቡ ነው። ዛሬ የምንመለከተው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ሕይወት ነው። ስለ እኒህ ንጉሥ ጦርነት፥ ስለ ሕጋቸውና ስለ ድርሰታቸው ብዙ ተጽፏል። እኛ ግን ሕይወታቸውን የምንከተለው በአንድ መንገድ ነው፤ እርሱም በሸዋ ደጋ ለስፍራዎች ያወጡት ስምና ጸሓፊያቸው ያንን ስም ከቀድሞው ስም ጋራ አጣምሮ ያቆየበት ትጋት ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌው በኦሪት ዘፍጥረት ይገኛል። ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ፊት ሸሽቶ ወደ ካራን ሲሄድ በመንገድ ድንጋይ ተንተርሶ አደረ፤ በሕልሙም ከምድር እስከ ሰማይ የደረሰ መሰላል አየ። በማለዳ ተነሥቶ ያንን ድንጋይ ሐውልት አድርጎ አቆመው፥ ዘይትም አፈሰሰበት፥ ስፍራውንም ቤቴል ብሎ ሰየመው። ሙሴም ይህን ሲጽፍ የዚያች ከተማ የቀድሞ ስም ሎዛ እንደ ነበረ ሳይገልጽ አላለፈም። ደግሞም ያዕቆብና አማቱ ላባ ቃል ኪዳን በተጋቡ ጊዜ የድንጋይ ክምር ከምረው ላባ በራሱ ቋንቋ፥ ያዕቆብም በራሱ ቋንቋ ስም አወጡለት፤ መጽሐፍም ሁለቱንም ስሞች መዝግቦ አቆየ። ከዚህ የምንረዳው፥ አዲስ ስም ማውጣት የቀድሞውን መሰረዝ እንዳልሆነ፥ አንዱ ስፍራም በሁለት ሰዎች አፍ በሁለት ስም ቢጠራ ምስክርነቱ እንደሚጸና እንጂ እንደማይደክም ነው።

ዘርዐ ያዕቆብ የሚለው ስም የያዕቆብ ዘር ማለት ነው። ንጉሡ የተወለዱት በ1391 ዓ.ም. ገደማ በፈጠጋር አገር ጥልቅ በተባለ ስፍራ ነው። አባታቸው ዐፄ ዳዊት፥ እናታቸው ንግሥት እግዚእ ክብራ ይባላሉ። ንግሥቲቱ አስቀድመው የወለዱት ልጅ ሞቶባቸው ስለ ነበረ፥ ሁለተኛውን ፀንሰው በጭንቅ ሳሉ በእመቤታችን አማላጅነት እንደ ተማጠኑና ልጁ በሰላም እንደ ተወለደ በተአምረ ማርያም ተጽፎ ይገኛል። ንጉሡ በዘመናቸው ሁሉ ለእመቤታችን የነበራቸው ፍቅር መነሻው ይህ መሆኑን ብዙዎች ይናገራሉ።

የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሼን በጥበቃ ይኖሩ በነበረበት በዚያ ዘመን ዘርዐ ያዕቆብም የወጣትነታቸውን ብዙ ዓመታት በዚያ አሳለፉ። ከአባታቸው በኋላ ወንድሞቻቸውና የወንድሞቻቸው ልጆች ተከታትለው ነግሠው በአጭር ጊዜ አለፉ፤ በመጨረሻም በሰኔ ወር 1426 ዓ.ም. መንግሥቱ ለእርሳቸው ደረሰ። ከዚህም በኋላ ወደ አክሱም ወርደው በ1428 ዓ.ም. ገደማ በጥንታዊው ሥርዐት ዘውድ ጫኑ፤ የመንግሥት ስማቸውም ቈስጠንጢኖስ ተባለ። በአክሱም የድንጋይ መንበሮች አጠገብ የተደረገው ያ ሥርዐት ራሱ ንጉሡ ለጥንት ምልክት የነበራቸውን አክብሮት ያሳያል፤ የአባቶች ምልክት በቆመበት ስፍራ ቆሞ መንገሥ የራስን ዘመን ከአባቶች ዘመን ጋራ ማያያዝ ነውና።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን በሰንበት ነገር ተከፍላ ነበር። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜንም እንደ እሑድ እናከብራለን ብለው ከብዙ ዘመን ጀምሮ ከጳጳሳቱና ከሌሎች ገዳማት ጋራ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ይህ መለያየት የተፈጸመው በአንድ ታላቅ ጉባኤ ነው፤ የጉባኤውም ስፍራ ታሪክ ለነገራችን ዋና ምስክር ስለ ሆነ ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንመለከተዋለን።

በግብጽ አገር ደብረ ምጥማቅ የተባለች የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በየዓመቱ ግንቦት 21 ቀን የምናከብረው በዓል የዚያች ስፍራ መታሰቢያ መሆኑን አንባብያን ሁሉ ያውቃሉ። ንጉሡ በሸዋ በተጉለት ምድር እጕባ በተባለ ስፍራ ሳሉ፥ ይህች ቤተ ክርስቲያን መፍረሷን የሚያስታውቅ መልእክት ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከአባ ዮሐንስ ዘንድ መጣላቸው። ዘመኑም 1433 ዓ.ም. ገደማ ነው። ንጉሡና ከእርሳቸው ጋራ የነበሩት ሁሉ እጅግ አዘኑ፥ አለቀሱም። ነገር ግን ንጉሡ በኀዘን ብቻ አልቀሩም፤ በዚያው በቆሙበት ስፍራ በእመቤታችን ስም ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ አዘዙ፥ ለመተዳደሪያዋም ርስት ሰጡ፥ ስሟንም ደብረ ምጥማቅ አሉት። በአባይ ወንዝ ግርጌ የጠፋው ስም በአባይ መነሻ አገር ደጋ ላይ ተተከለ።

እንግዲህ አስተውሉ። የንጉሡ ጸሓፊ ይህን ሲጽፍ ደብረ ምጥማቅ ብሎ ብቻ ቢያልፍ ኖሮ፥ ስፍራው ከዚያ በፊት በአገሬው ዘንድ ማን ይባል እንደ ነበረ ዛሬ የሚነግረን ባልተገኘ ነበር። እርሱ ግን አገሩ ተጉለት፥ ስፍራው እጕባ፥ አዲሱም ስም ደብረ ምጥማቅ መሆኑን ሦስቱን በቅደም ተከተል አኖረልን። ሙሴ ሎዛንና ቤቴልን እንዳጣመረ ይህም ጸሓፊ እጕባንና ደብረ ምጥማቅን አጣመረ። በዚህችም በደብረ ምጥማቅ በ1442 ዓ.ም. ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል፥ የገዳማት አበምኔቶችና ሊቃውንት በንጉሡ ፊት ተሰብስበው የሁለቱ ሰንበታት ክብር ጸና፤ የተለያዩትም ተስማሙ። በግብጽ የፈረሰችው ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ የቤተ ክርስቲያናችን አንድነት የተመለሰበት ስፍራ ስም ሆነች።

በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ንጉሡ ከአዳል ሱልጣን ከበድላይ ጋራ ጎሚት በተባለ ስፍራ ተዋግተው በልደት በዓል፥ ታኅሣሥ 29 ቀን 1438 ዓ.ም. ድል አደረጉ። ስለ ጦርነቱ ብዙ አንናገርም፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ጨዋ የተባሉት የንጉሥ ወታደሮች በየአገሩ ሲሰፍሩ የጭፍራቸው ስም የሰፈሩበት አገር ስም ሆኖ ይቀር እንደ ነበረ ማስታወስ ይጠቅማል። በሰሜን ያለው የጃን አሞራ አገር ስሙን ያገኘው በዚህ መንገድ እንደ ሆነ የታሪክ ሊቃውንት ያስረዳሉ። እንዲህ ያለውን ስም የሚሰማ ሰው ትርጓሜውን ካላወቀ ስለ ወፍ የተነገረ ይመስለዋል፤ የሚያውቅ ግን በአንዲት ቃል ውስጥ የአንድ ጭፍራን ታሪክ ያገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ስፍራ እንምጣ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ በበረሳ ወንዝ አጠገብ የተዘረጋው ብርዳም ደጋ ያን ጊዜ ደብረ ኤባ ይባል ነበር። ንጉሡ በ1440ዎቹ ዓመታት በዚያ ሰፍረው ሳሉ አንድ ሌሊት ታላቅ ብርሃን ከሰማይ ታየ፤ ሕዝቡም ሁሉ ተመልክቶ አደነቀ። ንጉሡ ብርሃኑን የእግዚአብሔር ፈቃድ ምልክት አድርገው ስለ ተቀበሉት የስፍራውን ስም ደብረ ብርሃን ብለው ሰየሙት፤ ቤተ ክርስቲያንም አሠሩበት። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት ዘመናቸውን በድንኳን ከአገር አገር ሲዘዋወሩ ያሳልፉ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግን በዚህ ስፍራ አጥር አሳጥረው፥ ቤተ መንግሥት አሠርተው፥ ከመጨረሻዎቹ 14 ዓመታት ዘመናቸው 12ቱን በደብረ ብርሃን ኖሩ። ካህናትም በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ሌሊትና ቀን እየተፈራረቁ ይጸልዩ፥ ጠበልም ይረጩ ነበር።

በዘመናችን ከተነሡት ሊቃውንት አንዳንዶቹ ያ ብርሃን በ1448 ዓ.ም. በብዙ አገር የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል ብለዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ ቀኑ አይገጥምም ብለው ይህን አልተቀበሉም። ሰማይን የፈጠረ አምላክ በፈጠረው ኮከብ ምልክት ቢያሳይም፥ ከልማድ ውጭ በሆነ ብርሃን ቢያሳይም ለሚያምን ሰው ልዩነት የለውም። ለእኛ አሁን የሚያስፈልገን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የአንድ ሌሊት ብርሃን ከ560 ዓመት በላይ ከሰው አፍ ሳይጠፋ የኖረው በስም ውስጥ ስለ ተቀመጠ መሆኑን ማስተዋል ነው።

ይህን ታሪክ ስንናገር ግን ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መርጠን ልንናገር አይገባንም። ብርሃኑ ከመታየቱ 38 ቀን አስቀድሞ ደቂቀ እስጢፋኖስ ከተባሉት ወገኖች ብዙዎች በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ተወግረው ሞተዋል። እነዚህ ከትግራይ የተነሡ፥ በጾምና በሥራ የጸኑ መነኮሳት ነበሩ፤ ለንጉሥ ከመስገድ በመከልከላቸው፥ ለእመቤታችንና ለመስቀልም አይሰግዱም ተብለው በመከሰሳቸው ብዙ መከራ ደረሰባቸው። የእነርሱም ወገን ታሪካቸውን በገድል ጽፎ በጉንዳጉንዶ ገዳም አቆይቷል። ንጉሡ ብርሃኑን የተረጐሙት ከዚህ ፍርድ ጋራ አያይዘው፥ እግዚአብሔር በፍርዱ የመደሰቱ ምልክት ነው ብለው ነው። እንግዲህ ደብረ ብርሃን የሚለው ስም ብርሃኑን ብቻ ሳይሆን ያንንም ደም ያስታውሳል።

መራራው ነገር ይህ ብቻ አይደለም። ንጉሡ በእርጅናቸው ዘመን ሟርትንና ክሕደትን እጅግ ይፈሩ ስለ ነበረ በወንዶችና በሴቶች ልጆቻቸው ላይ እንኳ ጽኑ ቅጣት ፈጸሙ። የልጃቸው የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ በልጃቸው ምክንያት ተከስሰው በግርፋት ቈስለው ሞቱ፤ ሥጋቸውም በደብረ ብርሃን አጠገብ መቅደሰ ማርያም በተባለች ቤተ ክርስቲያን በስውር ተቀበረ። ልጃቸው ተዝካራቸውን በማውጣቱ ከአባቱ ቍጣ ደረሰበት፤ በኋላ ግን ቅዱሳን አባቶች በመካከል ገብተው አስታረቋቸው። ይህን ሁሉ የምናውቀው የዜና መዋዕሉ ጸሓፊ ስላልሸሸገው ነው። ጸሓፊው ንጉሡን እያከበረ የንጉሡን ጽኑ ፍርድ ጻፈ፤ የቀብሩም ስፍራ ስም እንዲጠፋ አልፈቀደም። አንዲት የተገፋች እናት መታሰቢያዋ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ስም ተጠብቆ እስከ እኛ ደረሰ።

ይህም ሆኖ ንጉሡ ለቤተ ክርስቲያን ያተረፉት ሀብት ታላቅ ነው። መጽሐፈ ብርሃንን፥ መጽሐፈ ሚላድንና ሌሎችንም የትምህርት መጻሕፍት በስማቸው አትርፈውልናል። የእመቤታችን 33ቱ በዓላት እንዲከበሩ፥ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፥ ካህናትም ሕዝቡን በሰንበታት እንዲያስተምሩ አዘዋል። የግማደ መስቀሉም ነገር ከግሼን ደብረ ከርቤ ጋራ ተያይዞ በእርሳቸው ዘመን ይተረካል። 34 ዓመት ከነገሡ በኋላ በጳጕሜን 1460 ዓ.ም. በዚያው በደብረ ብርሃን ዐረፉ፤ ዐፅማቸውም ዛሬ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ተጠብቆ ይገኛል። ደቂቀ እስጢፋኖስን ያሳደዱ ንጉሥ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ማረፋቸውን ስናስብ የእግዚአብሔር ትዕግሥት ከሰው ክርክር እንደሚሰፋ እንማራለን።

ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ወደ ቀድሞው የድንኳን ኑሮ ተመለሱ። ከ1521 ዓ.ም. ጀምሮ በግራኝ አሕመድ ጦርነት በሸዋና በአማራ የነበሩ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፥ ካህናቱም ተበተኑ። ቀጥሎም ኦሮሞዎች ወደ ሸዋ ደጋ ወጥተው በሰፈሩ ጊዜ ወንዙንና ኰረብታውን በራሳቸው ቋንቋ ጠሩት። በዚህ ሁሉ መካከል የንጉሡ ቤተ መንግሥት ፈረሰ፥ አጥሩም ጠፋ። ደብረ ብርሃን የሚለው ስም ግን አልጠፋም። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዋና ከተማቸው አንኮበር ሆኖ ሳለ በደብረ ብርሃንም ይቀመጡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም ለዚህ ጥንታዊ ስፍራ በነበራቸው ፍቅር በ1898 ዓ.ም. ገደማ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በግድግዳውም ላይ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ብርሃኑን ሲመለከቱ የሚያሳይ ሥዕል ተሣለ። ስሙ ባይተርፍ ኖሮ ምኒልክ የትኛውን ስፍራ ባከበሩ ነበር? ሠዓሊውስ ምን በሣለ ነበር?

ስሙን ያተረፈው የሰው አፍ ብቻ አይደለም፤ ብራናውም ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል በግዕዝ ተጽፎ በቤተ ክርስቲያን ልጆች እጅ ሲገለበጥ ኖረ፤ በ1885 ዓ.ም.ም ፔሩሾን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ከትርጓሜው ጋራ በፓሪስ አሳተመው። ደብረ ኤባን፥ እጕባን፥ መቅደሰ ማርያምን የምናውቀው በዚህ ነው። ያ ጸሓፊ የራሱን ስም አልነገረንም፤ የስፍራዎቹን ስም ግን ነገረን። ከዚህ የሚበልጥ የትሕትና ሥራ ምን አለ?

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለዛሬው የገጠር አጥቢያ ካህን ምን ያስተምረዋል? ንጉሥ አይደለሁም፥ ዜና መዋዕል አልጽፍም ይል ይሆናል። ነገር ግን አባቶቻችን ይህን ሥራ ለቤተ መንግሥት ብቻ አልተዉትም። በየገዳሙና በየደብሩ በወንጌል ብራና ባዶ ገጾችና በኅዳጉ ላይ የርስቱን ስጦታ፥ የድንበሩን ምልክትና የምስክሮቹን ስም ይጽፉ ነበር። ክርክር በተነሣ ጊዜ ወንጌሉ ይገለጣል፥ ወሰኑም ይታወቃል። የአባቶችን የወሰን ድንጋይ ማፍለስ በኦሪት የተረገመ ሥራ ነውና፥ የድንጋዩን ስም መርሳትም ለማፍለስ በር መክፈት መሆኑን ያውቁ ነበር።

በሰሜን ሸዋ ኰረብቶች ላይ የሚኖር ካህን ዐይኑን አንሥቶ ቢመለከት በዙሪያው ያለው ስም ሁሉ የሚነገር ነገር አለው። አንኮበር የሚለው ስም አንኮ ከተባለች ከአንድ የኦሮሞ ባላባት ሚስት ስም እንደ ተገኘና የአንኮ በር ማለት እንደ ሆነ በአገሩ ይተረካል። ጣርማ በርም እንዲሁ በር ይባላል። በር የሚለው ቃል ከደጋው ወደ ቆላው፥ ከሸዋ ተረተር ወደ ይፋት የሚወርደው መንገድ የት የት እንደ ነበረ ያሳየናል፤ ነጋዴውም፥ መነኵሴውም፥ ሠራዊቱም ያለፉት በእነዚህ በሮች ነው። ወፍ ዋሻ የሚለው ስም ደን ሳይመናመን ስለ ነበረው ብዛት ያሳስባል። ከእነዚህ ስሞች አንዱ በአማርኛ፥ ሌላው በኦሮምኛ፥ በአንኮበር ቆላ ደግሞ በአርጎባዎች ቋንቋ ይነገራል። መዝጋቢው የራሱን ወገን ስም ብቻ ጽፎ የጎረቤቱን ሊተው አይገባውም። ያዕቆብና ላባ አንዱን የድንጋይ ክምር በየቋንቋቸው ሲጠሩት መጽሐፍ ሁለቱንም እንደ ተቀበለ አስቀድመን አይተናል።

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ደብተር፥ አንድ ብዕርና ትዕግሥት ይበቃዋል። አስቀድሞ እረኞችን መጠየቅ ይገባል፤ የየጥጉን፥ የየገደሉንና የየምንጩን ስም ከእረኛ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። ቀጥሎ ሽማግሎችንና ባልቴቶችን መጠየቅ ነው። ስሙ በአገሬው አፍ እንደሚጠራ ይጻፍ እንጂ ሊቅ ነኝ ባይ በግዕዝ እንደሚያምር አድርጎ አያቃናው። የቀድሞው ስም ከተገኘ ከአዲሱ ጋራ ይጻፍ። ስፍራው ከቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል እንደ ሆነና የስንት ሰዓት መንገድ እንደሚያስኬድ፥ በላዩም የቆመው ምልክት ዛፍ ይሁን፥ ድንጋይ ይሁን፥ የፈረሰ ቅጥር ይሁን፥ ጠበል ይሁን ይገለጽ። ታቦቱ በጥምቀት ሲወርድ የሚያርፍበት ስፍራ፥ የጥምቀተ ባሕሩ ቦታ፥ የጥንቱ የመቃብር ስፍራ አይዘንጋ። ስለ ስሙ የሚነገረው ታሪክ ይጻፍ፤ ነገር ግን የታየውና የተወራው አንድ ላይ አይደባለቅ፤ የታየው እንደ ታየ፥ የተወራው እንደ ተወራ ይለይ። ከተጻፈም በኋላ አንዱ ቅጂ በዕቃ ቤት፥ ሌላው በወረዳው ቤተ ክህነት ቢቀመጥ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

መራራውም ስም አይሰረዝ። በአንዳንድ አጥቢያ ሰው የተገደለበት፥ ረኃብ የጸናበት፥ ወንድም ከወንድሙ የተጣላበት ስፍራ ስም አለው። እንዲህ ያለውን ስም ለማሳመር ብሎ የሚለውጥ ሰው የወሰን ድንጋይ እንደሚያፈልስ ሰው ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጸሓፊ የብርሃኑን ሌሊት ከጻፈበት ቀለም በሌላ ቀለም የጽዮን ሞገሳን መቃብር አልጻፈም። ብርሃኑን ብቻ ትቶልን ቢሆን ኖሮ ምስጋና እንጂ ንስሓ ባልተማርን ነበር።

ጊዜው ግን አይጠብቀንም። ደብረ ብርሃን ዛሬ ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ ያላት፥ በየዓመቱ ወደ ዙሪያዋ ገጠር የምትሰፋ ከተማ ናት። ትናንት የእርሻ ማሳ የነበረው ዛሬ ሰፈር ይሆናል። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በየከተማው ቀበሌዎች በቍጥር ሲጠሩ ብዙ የጥንት ስሞች ከመዝገብ ወጥተው በሽማግሎች አፍ ብቻ ቀርተዋል። ሽማግሌው ሲያርፍ ከእርሱ ጋራ ምንጩም፥ ኰረብታውም፥ የወሰኑም ድንጋይ ስም አልባ ሆነው ይቀበራሉ። ልማት መልካም ነው፤ ሰው ቤት ሊሠራ፥ ልጁን ሊያስተምር ይገባዋል። ነገር ግን ቤቱ የተሠራበት መሬት ቀድሞ ማን ይባል እንደ ነበረ የማያውቅ ልጅ በአባቱ ርስት ላይ እንግዳ ይሆናል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በግብጽ ስለ ፈረሰችው ደብረ ምጥማቅ ባለቀሱ ጊዜ በዕንባ ብቻ አልቀሩም፤ ስሟን በተጉለት ተከሉ። እኛም በየአጥቢያችን ስለ ጠፋው ከማዘን ይልቅ የቀረውን ብንጽፍ ይሻላል። ሥራውም በዚህ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ፥ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ጥላ ሥር ከተቀመጡት ሽማግሎች አጠገብ ቁጭ ብሎ የፊት ለፊቱን ኰረብታ ስም በመጠየቅ ይጀመራል።

የአባቶቻችንን መታሰቢያ በሕይወት መጽሐፍ ያኖረ አምላክ፥ እኛም የተቀበልነውን ሳናጎድል ለልጆቻችን እንድናስተላልፍ ይርዳን። አሜን።